አደይ አበባ በፎቶ እንዲያምር፦ ለጀማሪዎች፣ ከጎንደር

መስከረም ሲጠባ ጎንደር ዙሪያዋን ቢጫ ትለብሳለች። የቁስቋም ዳገት፣ የጎሃ ኮረብታ፣ ወደ አዘዞ የሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሁሉም አደይ ነው። ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን ጠጋ ብለን እናነሳለን። ቤት ገብተን ስናየው ግን ያ ዓይን የሚስበው አበባ የለም። ያለው ቢጫ ነጠብጣብ ነው። መሃሉ ከዳሩ አይለይም። ከኋላው ደግሞ ሣር፣ ድንጋይ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ፌስታል ይታያል።

እኔም ሁለት መስከረም እንዲህ አለፈኝ። ጥፋቱ የስልኬ ነው ብዬ ካሜራ ተዋስኩ። በካሜራውም ያው ነጠብጣብ ወጣ። ነገሩ የገባኝ ቁስቋም፣ ከእቴጌ ምንትዋብ ግንብ በታች ባለው ዳገት ላይ ነው። አምስት ሰዓት ገደማ ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። መሬት ላይ ተንበርክኬ ስታገል አንዲት እናት ከላይ ሲወርዱ አዩኝ።

«ምን ጠፍቶሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ምንም አልጠፋኝም እማማ፤ አበባ እያነሳሁ ነው።»

«ታዲያ በዚህ ፀሐይ? ትታመሚያለሽ እኮ!» ብለው ነጠላቸውን ዘርግተው ከላዬ ያዙልኝ።

ለእኔ አዝነው ነው ያደረጉት። ጥላው ግን አበባውም ላይ አረፈ። ስክሪኑን ስመለከት አበባው ሌላ ሆኗል። እያንዳንዱ የአበባው ቅጠል መስመሩ ይታያል፤ መሃሉ ላይ ያለው ብናኝ ሳይቀር ይለያል። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ካሜራ መዋስ አቆምኩ። ብርሃኑን ማየት ጀመርኩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ስልክ ብቻ ያላችሁም፣ ካሜራ የገዛችሁም ልትከተሉት ትችላላችሁ።

1. ሰዓታችሁን ምረጡ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ያለችው። አየሩ ቀጭን ስለሆነ የቀትር ፀሐይ ይከራል። የከረረ ፀሐይ አበባ ላይ ሲያርፍ የበራው ክፍል ይነጣል፣ ጥላው ደግሞ ይጠቁራል። ካሜራ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይችልም። ዓይናችን ስለሚያስተካክለው ነው ቆመን ስናየው የማይታወቀን።

ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውጡ። ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ወርቅማ ነው። ጤዛውም አልደረቀም። ሌላም ጥቅም አለው፦ ጠዋት ነፋስ ብዙ የለም። ማታ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላም ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ነፋሱ ግን አንዳንዴ ያስቸግራል።

ደመናማ ቀን ከሆነ ሰዓት አትቁጠሩ። ብዙ ሰው ሰማዩ ሲጠቁር ካሜራውን ያስቀምጣል። ለአበባ ግን ደመና ትልቅ በረከት ነው። ፀሐዩን አጣርቶ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ያወርደዋል። መስከረም ላይ ክረምቱ ሙሉ በሙሉ ስላልወጣ እንዲህ ዓይነት ቀን አታጡም። ካፊያ ካቆመ በኋላ ያሉት ሃያ ደቂቃዎች በተለይ እንዳያመልጧችሁ።

2. አንድ አበባ ፈልጉ

ሜዳውን ሙሉ አታንሱ። ቢያንስ መጀመሪያ ላይ አይሁን። ሺህ አበባ ባለበት ፎቶ ውስጥ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

ዞር ዞር እያላችሁ አንድ ጤነኛ አበባ ምረጡ። ቅጠሎቹ በትል ያልተበሉ፣ ጫፋቸው ያልጠወለገ፣ ከጓደኞቹ ትንሽ ከፍ ብሎ ወይም ፈንጠር ብሎ የቆመ ይሁን። ካሜራ ትንሿን ጉድለት አጉልቶ ነው የሚያሳየው። ዓይናችሁ ያለፈው የነቀዘ ጫፍ ስክሪኑ ላይ ይጮኻል።

አበባውን ካገኛችሁ በኋላ እሱው ጋ ቆዩ። እኔ አንድ አበባ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል እቆያለሁ። በግራ፣ በቀኝ፣ ከታች፣ ከኋላ አያለሁ። አምስት አበባ አንድ አንድ ጊዜ ከማንሳት አንዱን ሠላሳ ጊዜ ማንሳት ብዙ ያስተምራል።

እባካችሁ አትቁረጡት። የተቆረጠ አበባ በደቂቃዎች ውስጥ አንገቱን ይደፋል። ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት የሚበቅለው ዘሩን አሁን ሲጥል ነው።

3. ከኋላው ያለውን ከአበባው በፊት እዩ

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አበባውን ስናይ ልባችን እሱ ላይ ስለሚያርፍ ከኋላው ያለው አይታየንም። ካሜራ ግን ልብ የለውም፤ ሁሉንም ይይዛል። ደረቅ ጭራሮ፣ ነጭ ድንጋይ፣ የመብራት ገመድ፣ የሃይላንድ ክዳን፣ ሁሉም ፎቶው ውስጥ ይገባሉ። በተለይ ነጭና የሚያብረቀርቅ ነገር ዓይንን ከአበባው ይነጥቃል።

ከማንሳታችሁ በፊት የስክሪኑን አራት ማዕዘን አንድ በአንድ እዩ። የሚረብሽ ነገር ካለ አበባውን ሳይሆን ራሳችሁን አንቀሳቅሱ። አንድ ስንዝር ወደ ግራ ማለት ብቻ ከኋላ ያለውን ሙሉ በሙሉ ሊቀይረው ይችላል። ፌስታል ካለ ተነሱና አንሱት።

ቀጥሎ ርቀቱን እዩ። አበባው ሣሩ ላይ ተደግፎ ከቆመ ሣሩም አብሮ ጥርት ብሎ ይወጣል። ከአበባው ኋላ አንድ ሜትር፣ ሁለት ሜትር ባዶ ቦታ ካለ ግን ከኋላ ያለው ይደበዝዛል፣ አበባው ብቻውን ይወጣል። ዳገት ላይ የቆመ አበባ የሚያምረው ለዚህ ነው። ከኋላው ያለው ሸለቆ ሩቅ ነው።

ሦስተኛው ቀለሙ ነው። ቢጫ ከጨለማ ነገር ፊት ሲቆም ያበራል። ጎንደር ውስጥ ለዚህ የሚሆን ነገር ሞልቷል፦ ጥቁር ቡናማ የድንጋይ ግንብ። ግንቡ ጥላ ውስጥ ሆኖ አበባው ብርሃን ላይ የሆነበትን ሰዓት ጠብቁ። ቁስቋም ፍርስራሹ አጠገብ ጠዋት ላይ እንዲህ ዓይነት ቦታ አለ። በፋሲል መዋኛ አካባቢም ሥራቸው ግንቡን ያቀፈው የትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ጥሩ ጨለማ ይሰጣል። ግንብ ከሌለ ጓደኛችሁ ጥቁር ጃኬት ከአበባው አንድ ሜትር ኋላ ዘርግታ ትያዝ። ማንም አያውቅም፤ ፎቶው ላይ ንጹህ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይም ሰው አጥር ውስጥ ስትገቡ አስፈቅዱ። «አበባ ነው የማነሳው» ስትሉ የሚከለክላችሁ እምብዛም አይኖርም።

4. ተንበርከኩ

ቁማችሁ ወደ ታች ካነሳችሁ ሁልጊዜ መሬት ነው ከኋላ የሚወጣው። አበባው ቁመት ላይ ውረዱ። መሬቱ ጭቃ ስለሆነ ማዳበሪያ ይዛችሁ ውጡና ከጉልበታችሁ ሥር አንጥፉት። እኔ አንድ ማዳበሪያ ከካሜራ ቦርሳዬ አይጠፋም። ልብሷ እንዳይቆሽሽ የምትጨነቅ ልጅ አበባው ጋ አትቆይም።

ከዚያም ዝቅ ብላችሁ ከሥሩ ወደ ሰማይም ሞክሩ። አደይ ከታች ሲታይ ፀሐይ በቅጠሎቹ ውስጥ ታልፍና እንደ ፋኖስ ይበራል። ፀሐዩ ከአበባው ጀርባ ሲሆን ሌንሱ ላይ እንዳያርፍ በእጃችሁ ከልሉት፤ አለበለዚያ ፎቶው ጭጋግ ይለብሳል።

5. ነጠላ፣ ነጭ ወረቀት፣ ጃንጥላ

አንዳንዴ ምርጫ የለም፤ የምትወጡት ቀትር ላይ ነው። እንግዲያው የእማማን ዘዴ ተጠቀሙ።

ነጠላውን በአንድ ንብር ብቻ በፀሐዩና በአበባው መሃል ዘርጉት። ወደ አበባው በቀረበ ቁጥር ብርሃኑ ይበልጥ ይለሰልሳል፣ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ። ነጭ ይሁን። ባለ ቀለም ጨርቅ ቀለሙን አበባው ላይ ይጥልበታል። ጋቢ አይሆንም፤ ወፍራም ስለሆነ ብርሃኑን ይገድለዋል። ነጠላ ቀጭን ጥጥ ስለሆነ ልክ እንደ ደመና ያጣራል። ፎቶ ስቱዲዮዎች መብራት ፊት የሚዘረጉት ነጭ ጨርቅም ሥራው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነጭ ወረቀት ነው። ብርሃን ከአንድ ጎን ሲመጣ የአበባው ሌላኛው ጎን ይጨልማል። በጨለማው በኩል ተራ የጽሕፈት ወረቀት ጠጋ አድርጋችሁ ያዙ። ብርሃኑ ተመልሶ ይመጣል። ወረቀቱን ስታቀርቡና ስታርቁ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ጃንጥላ ለነፋስ ነው። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ክፈቱና መሬት ላይ አስደግፉት።

ፍላሽ አጥፉ። የስልክ ፍላሽ አበባን ጠፍጣፋ ወረቀት ያስመስለዋል።

6. ማስተካከያዎቹ

ለስልክ፦

መጀመሪያ ሌንሱን ጥረጉ። ብዙ «ደበዘዘብኝ» የሚባል ፎቶ የጣት ቅባት ነው። ለስላሳና ንጹህ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል።

ብዙ ስልክ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ሲጠጋ ፎከስ አያደርግም፤ አጥርቶ አይይዝም ማለት ነው። ከዚያ በላይ አትጠጉ። ትንሽ ራቅ ብላችሁ አንሱና በኋላ ዙሪያውን ቁረጡት። በጣት እየዘረጋችሁ ዙም አታድርጉ፣ ጥራቱ ይወርዳል። ርካሽ ስልኮች ላይ ያለው የማክሮ (የቅርብ ፎቶ) ካሜራ ብዙ ጊዜ 2 ሜጋፒክስል ብቻ ስለሆነ እኔ አልመክረውም። ዋናው ካሜራ ይሻላል። ከኋላ ያለውን በራሱ የሚያደበዝዘው ፖርትሬት ሞድም የቀጫጭን ቅጠሎችን ጫፍ አሳስቶ ይቆርጣል።

አበባው ላይ ጣታችሁን አሳርፋችሁ ያዝ አድርጉት፤ ፎከሱ ይቆለፋል። ከዚያ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ታች ሳቡ። ይህቺ አንዲት እንቅስቃሴ ለአደይ ፎቶ ትልቁን ለውጥ ታመጣለች።

ለምን ወደ ታች? ካሜራው አካባቢውን ሁሉ አይቶ አማካይ ብርሃን ይፈልጋል። አረንጓዴውና ጥቁሩ ስለሚበዛበት «ጨልሟል» ብሎ ያደምቀዋል። ያኔ ቀድሞም ደማቅ የነበረው ቢጫ ይቃጠላል፤ ነጥቶ ዝርዝሩ ይጠፋል ማለት ነው። የተቃጠለ ቢጫ በኤዲት አይመለስም። ትንሽ የጨለመ ግን ይመለሳል።

ለካሜራ፦

አፐርቸሩን (ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) እናንተ የምትመርጡበት ሞድ ላይ አድርጉት፤ ኒኮንና ሶኒ ላይ «ኤ»፣ ካነን ላይ «ኤቪ» ይባላል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለመጀመሪያ በደንብ ይበቃል። 55 ላይ አድርጉትና በኤፍ 5.6 ጀምሩ፤ ኤፍ የቀዳዳው መጠን ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። የብርሃን ማካካሻውን (ፎቶውን የሚያደምቀውንና የሚያጨልመውን) ወደ -0.7 አውርዱ፤ ቢጫው አሁንም ከነጣ -1 አድርጉት። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ፀሐይ ላይ 100 ወይም 200፣ ጥላ ውስጥ እስከ 800 ድረስ አትፍሩት። የሻተሩ (የብርሃን መዝጊያው) ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ እንዳይወርድ እዩ። ነፋስ ካለ 1/500 ይሁን።

ሌንሱ ላይ ምን ያህል መጠጋት እንደሚቻል በሜትር ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ 0.25 ወይም 0.28 አካባቢ ነው። ይህ ርቀት የሚለካው ከሌንሱ ጫፍ አይደለም፤ ካሜራው ውስጥ ምስሉን ከሚቀበለው ሴንሰር ነው። ስለዚህ ከምታስቡት በላይ መጠጋት ትችላላችሁ።

7. ፎከሱ የት ይረፍ?

አደይ አበባን አንድ አበባ ብለን ብንጠራውም መሃሉ ላይ ያለው ክብ በደርዘን የሚቆጠሩ ትንንሽ አበቦች ስብስብ ነው። ሱፍና ኑግም እንዲሁ ናቸው፤ ዘመዳሞች ናቸው። እነዚያ ትንንሾቹ ከዳር ጀምረው ወደ መሃል ነው የሚፈኩት። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ዳር ዳሩ ፈክቶ ብናኝ ይዟል፣ መሃሉ ገና እምቡጥ ነው። ፎከሱን እዚያ ብናኙ ላይ አሳርፉት። የሰው ፎቶ ስናነሳ ዓይኑ ጥርት እንዲል እንደምንፈልገው ማለት ነው።

በተጠጋችሁ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚወጣው ስፋት ይቀንሳል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ኤፉን ወደ 8 ወይም 11 ከፍ ማድረግ ነው፤ ያኔ ከኋላ ያለውም ትንሽ መታየት ይጀምራል። ሁለተኛውን እኔ እወደዋለሁ፦ ካሜራውን ከአበባው ፊት ጋር ትይዩ ማድረግ። አበባው ዘንበል ካለ ካሜራውም እኩል ዘንበል ይበል። ያኔ ቅጠሎቹ ሁሉ ከሌንሱ እኩል ስለሚርቁ አንድ ላይ ይጠራሉ።

ስትጠጉ ትንፋሻችሁም ያንቀሳቅሳችኋል። ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ ወይም መሬት ላይ አስደግፉ። ፎከስ ካደረጋችሁ በኋላ አምስት ስድስት ፎቶ ተከታትላችሁ አንሱ። አንዱ ልክ ይመጣል።

8. ነፋስ

ነፋስ እየመጣ እየሄደ ነው የሚነፍሰው። ጠብቁት። አበባው ተወዛውዞ ከመመለሱ በፊት ለአፍታ ቀጥ ይላል፤ ያቺን አፍታ ያዙ።

ካላቆመ ቀጭን እንጨት አበባው አጠገብ መሬት ላይ ተክላችሁ ግንዱን በልብስ መቆንጠጫ አያይዙት። ከፎቶው ውጭ ዝቅ ብሎ ይሁን፣ እንዳይደቅቅም በስሱ። ስትጨርሱ ፍቱት።

9. አደይ ካለፈ በኋላ

የአደይ ጊዜ አጭር ነው። ለእንቁጣጣሽና ለደመራ ይደምቃል፣ ጥቅምት ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ዘመነ ጽጌ ግን ከመስከረም 26 ጀምሮ 40 ቀን ነውና አበባ አያልቅም።

ኑግ ጥቅምት ላይ ማሳውን ቢጫ ያደርገዋል። ለአደይ ያልኩት ሁሉ ለእሱም ይሠራል። ማሳ ውስጥ ግን ሰብል አትርገጡ፣ ባለቤቱንም አስፈቅዱ። «አያ፣ ዳር ላይ ሆኜ አበባውን ላንሳ?» ብትሉ ራሳቸው የተሻለውን ጥግ ያሳዩአችኋል።

ተልባ ሰማያዊ ነው፤ በደጋው በኩል ታገኙታላችሁ። አበባው ጠዋት ፈክቶ ቀትር አካባቢ ቅጠሎቹን ያራግፋል። ሦስት ሰዓት ላይ መድረስ አለባችሁ።

ቡገንቪሊያ ከተማው ውስጥ በየአጥሩ ላይ አለ። ሐምራዊው የምንወደው ክፍል አበባው አይደለም፣ ቀለም የያዘ የተክሉ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሃል ላይ ያለችው ነጭ ትንሽ ኮከብ ናት። ፎከሱን እሷ ላይ አድርጉ። ቀዩና ሐምራዊው ቀለም ካሜራ ላይ ስለሚጎርፍ እዚህም ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ።

ቤት ውስጥ በጣሳ የተተከለ አበባ ካለ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ መለማመጃ አገኛችሁ። መስኮት አጠገብ አስቀምጡት፣ አምፖሉን አጥፉ፣ በሌላው በኩል ነጭ ወረቀት አቁሙ።

10. ቤት ስትገቡ

መጀመሪያ አጥፉ። ከሠላሳው ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት አስቀሩ። ፎቶውን አጉልታችሁ መሃሉ ላይ ያለው ብናኝ ካልጠራ አትዘኑለት።

ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ነጻ ነው፣ ይበቃል። ዙሪያውን ቁረጡ፣ ደማቁን ክፍል ትንሽ አውርዱ፣ ጥላውን ትንሽ አንሱ። የቀለም ማድመቂያውን ግን ተዉት። አደይ ከራሱ በላይ ቢጫ ሲሆን ፕላስቲክ ይመስላል።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለበለዚያ ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል።

ማሳተም ከፈለጋችሁ ከስክሪኑ ትንሽ አድምቁት። ወረቀት ከራሱ ስለማያበራ ስልክ ላይ ልክ የነበረው ጨልሞ ይወጣል። እኔ የመጀመሪያዋን የቁስቋም ፎቶ ሳላደምቅ አሳትሜ ጨለመች። አድምቄ ደግሜ አሳተምኳትና ነጠላቸውን ለያዙልኝ እናት ወሰድኩላቸው። ቤታቸውን ያገኘሁት ዳገቱ ላይ ጠይቄ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩዋት። «ይህቺ እዚያ መንገድ ዳር ያለችው ናት?» አሉኝ። «እሷው ናት እማማ።» ፎቶዋን ግድግዳው ላይ ከሥዕለ ማርያም በታች ሰክተው ቡና ሊያፈሉልኝ ተነሱ።